ዱስ፦ የተቀባ ገላና ፈቃድ
ዱስ በኦሞ ወንዝ ምሥራቅ ዳር ያለች የካሮ ብሔረሰብ መንደር ናት። ካሮዎች ገላቸውን በነጭ አፈር፣ በቢጫና በቀይ የድንጋይ ዱቄት፣ በከሰልም ያስጌጣሉ፤ ያልተሸፈነ ደረት በባህላቸው ነውር አይደለም። ካሜራ የያዘ እንግዳ ሲበዛ ለፎቶ ብር መቀበል በኦሞ ሸለቆ ልማድ ሆነ። ጎብኚዎችን ቢያስመርርም ባለገላው እሺ ወይም እምቢ የሚልበት በር ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል።

ለአዋቂዎች የሚሆን ልብ ወለድ ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲታቀድም ቀዳሚው ጉዳይ ይኸው ፈቃድ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ በግልጽ አዋቂ ይሆናል፣ የእውነተኛ ሰው መልክ አይወሰድም፣ የካሮ ጌጥም የወሲብ ማድመቂያ አይሆንም። ምስል ሠሪ ሞዴሎች የሚሠለጥኑበት መረጃም የፈቃድ ጥያቄ ያስነሣል፦ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ላዮን 5ቢ የተባለ የማሠልጠኛ ስብስብ ከ5 ቢሊዮን በላይ የምስል አድራሻዎችን ከመግለጫ ጋር ሲያሰባስብ ባለምስሎቹ አልተጠየቁም። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በውስጡ ወደ ሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ምስሎች የሚመሩ አድራሻዎች እንዳሉ ሲያሳውቁ ስብስቡ ተነሣ፤ ተጣርቶ የተመለሰው በ2024 ነው።