የጭነት ተሽከርካሪ ተሳቢ፦ ሕጉ የሚጠይቀውና ከስምሪት በፊት ሊረጋገጥ የሚገባው

በአዲስ አበባ ደቡባዊ መግቢያ በሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከነተሳቢው የሚያልፍ የጭነት ተሽከርካሪ ማየት የዕለት ተዕለት ክስተት ነው። ከሀገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚተላለፍ ሲሆን፣ ወደ መዲናዋ የሚገባው ጭነት በአብዛኛው በሞጆ በኩል አልፎ ቱሉ ዲምቱና ቃሊቲ ይደርሳል። ከመስከረም 2007 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት በመስጠት ላይ የሚገኘው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድም የሚነሳው ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው።

ክፍለ ከተማው የጉምሩክ ጣቢያ፣ የፋብሪካዎችና የመጋዘኖች መገኛ ብቻ አይደለም። በርካታ ነዋሪዎች፣ ተማሪዎችና ሠራተኞችም ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚመላለሱበትን ይኸንኑ መንገድ በእግር ያቋርጣሉ። በመሆኑም በአንድ ተሳቢ ላይ የሚታይ የፍሬን፣ የመብራት ወይም የጭነት ጉድለት ከባለንብረቱ አልፎ የሕዝብ ደህንነት ጉዳይ ይሆናል።

በአሠራር ረገድ ግን የስምሪት ባለሙያዎችም ሆኑ አሽከርካሪዎች ትኩረታቸውን በአብዛኛው በጎታቹ ላይ ሲያደርጉ ይስተዋላል። ተሳቢው እንደ ተቀጥላ ዕቃ የመታየት ዝንባሌ አለ። በሕግም ሆነ በቴክኒክ ደረጃ ሲታይ ግን ተሳቢ ራሱን የቻለ ተሽከርካሪ ነው።

የተሳቢ ዓይነቶች

ተሳቢ በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላል። ሙሉ ተሳቢ የሚባለው ከፊትም ከኋላም የራሱ አክስል ያለው፣ ክብደቱን ራሱ ተሸክሞ በመጎተቻ ዘንግ ከጭነት መኪናው ጋር የሚያያዝ ነው። ከፊል ተሳቢ ደግሞ አክስሉ በኋላ በኩል ብቻ ሆኖ የፊት ክፍሉ በጎታቹ ላይ የሚያርፍ ነው።

ልዩነቱ ለአነዳድም ለምርመራም ይጠቅማል። በሙሉ ተሳቢ ላይ ቅድሚያ የሚታየው የመጎተቻ ዘንጉና የማያያዣው ካስማ ሲሆን፣ በከፊል ተሳቢ ላይ ደግሞ የማያያዣው ሳህን መቆለፉና የማቆሚያ እግሮቹ ሙሉ በሙሉ መነሳታቸው ነው።

ሕጉ ምን ይደነግጋል?

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች እንዲመዘገቡ፣ የመለያ ሰሌዳ እንዲይዙና በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያደርጉ ያዛል። ተሳቢም የራሱ ሰሌዳ የሚሰጠው በመሆኑ የጎታቹ ምርመራ ለተሳቢው ምርመራ ምትክ ሊሆን አይችልም። የተሽከርካሪን አካል ያለ ፈቃድ መለወጥም የተከለከለ ነው። ካሶኒን ከፍ ማድረግ፣ ሻንሲን ማስረዘም ወይም አክስል መጨመር የሚፈልግ ባለንብረት አስቀድሞ አግባብ ያለውን አካል ማስፈቀድ ይኖርበታል።

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድን በተመለከተ በሥራ ላይ የዋለው አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። አዋጁ የጭነት ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድን በምድብ የሚከፍል ሲሆን፣ ደረቅ ጭነትና ፈሳሽ ጭነት የተለያዩ ምድቦች አሏቸው። ያለ ተሳቢ እንዲያሽከረክር ብቻ የተፈቀደለት ሰው ተሳቢ ቀጥሎ መንዳት አይችልም። በቀድሞው አጠራር “አምስተኛ መንጃ ፈቃድ” ይባል የነበረው ይኸው ተሳቢ ለመጎተት የሚያበቃው ደረጃ ነበር።

የትራፊክ ቁጥጥሩ ለረጅም ጊዜ ሲመራ የቆየው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 እና ደንቡን ለማሻሻል በወጣው ደንብ ቁጥር 395/2009 ነበር። ከዚያም ደንብ ቁጥር 557/2016 ወጥቷል። የቴክኒክ ጉድለት ያለበትን ተሽከርካሪ ማሽከርከርና ከተፈቀደው በላይ መጫን የሚያስቀጡ ጥፋቶች ናቸው።

በተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ የመድን ሽፋንን ግዴታ አድርጓል። ተቋማት ለጎታቹ የተገባው ውል ተሳቢውን የሚያካትት መሆኑን ውሉን አይተው ሊያረጋግጡ ይገባል። ይህ ካልሆነ ክፍተቱ የሚታወቀው አደጋ ከደረሰ በኋላ ይሆናል።

የጭነት መጠንና የመንገድ ጉዳት

በኢትዮጵያ የተፈቀደው የክብደት ወሰን ለፊት አክስል 8 ቶን፣ ለሌሎች ነጠላ አክስሎች 10 ቶን ነው። ሞጆን በመሳሰሉ ቦታዎች የሚገኙት የክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያዎች የሚመዝኑትም የእያንዳንዱን አክስል ጫና ነው። ጠቅላላ ክብደቱ በወሰን ውስጥ ሆኖ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ቢያደላ አንዱ አክስል ከወሰኑ ሊያልፍ ይችላል።

የቁጥጥሩ ምክንያት ሳይንሳዊ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የተካሄደው የመንገድ ሙከራ፣ አክስል በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግምት ከክብደቱ አራተኛ ርቢ ጋር እንደሚያድግ አሳይቷል። በዚህ ስሌት 13 ቶን የተጫነ አክስል 10 ቶን ከተጫነው ሦስት እጥፍ ገደማ የሚሆን ጉዳት ያደርሳል። በትርፍ 3 ቶን የሚገኘው ገቢ የባለንብረቱ ሲሆን፣ የጥገናው ወጪ ግን በሕዝብ ላይ ይወድቃል።

ፍሬን

የከባድ ተሳቢ ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። ከጎታቹ ወደ ተሳቢው ሁለት የአየር ቱቦዎች የሚሄዱ ሲሆን፣ አንዱ የተሳቢውን የአየር ታንክ ይሞላል፤ ሌላው አሽከርካሪው ፍሬን ሲረግጥ ትእዛዙን ያደርሳል። ተሳቢው በጉዞ ላይ ቢለይ ወይም የመሙያው መስመር ቢበጠስ ፍሬኑ በራሱ እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። ይህ መከላከያ የሚያገለግለው ግን ቱቦዎቹ፣ ቫልቮቹና የፍሬን ሸራው በአግባቡ ሲያዙ ብቻ ነው።

የተሳቢው ፍሬን ደካማ ከሆነ ጎታቹ ሲቆም ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል፤ በተንሸራታች መንገድ ላይም ሁለቱ እንደ ሴንጢ ሊታጠፉ ይችላሉ። በተቃራኒው የተሳቢው ጎማዎች ተቆልፈው ሳይዞሩ ከተንሸራተቱ የተሳቢው ጅራት ወደ ጎን ወጥቶ ከአጠገቡ የሚጓዘውን ተሽከርካሪ ወይም እግረኛ ሊመታ ይችላል።

በቁልቁለት ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አቃቂ ቃሊቲ የተነሳ ተሽከርካሪ አዋሽ ከተማ ሲደርስ 1,000 ሜትር ገደማ ወደሆነ ከፍታ ይወርዳል። ፍሬንን ያለማቋረጥ መርገጥ ሙቀት ስለሚፈጥር የመያዝ አቅሙን ያዳክማል። ትክክለኛው አሠራር ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ኃይል እየያዙ መውረድ ነው።

መብራትና አንጸባራቂ

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች በቀን በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ የሰዓት ገደብ ማውጣቱ ይታወሳል። እንዲህ ያለው ገደብ የቀኑን መጨናነቅ ቢቀንስም የተሳቢዎችን እንቅስቃሴ ወደ ምሽትና ወደ ሌሊት የሚያሸጋግር በመሆኑ የመብራትን አስፈላጊነት ከፍ ያደርገዋል።

የተሳቢው የኋላ መብራት፣ ስቶፕና ፍሬቻ ኃይል የሚያገኙት ከጎታቹ በሚመጣ ገመድ ነው። ገመዱ ከተበላሸ አሽከርካሪው ሳያውቀው ተሳቢው በጨለማ ሊጓዝ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚያገለግለው ኤሌክትሪክ የማያስፈልገው አንጸባራቂ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጥናት፣ በተሳቢ ላይ የሚለጠፍ አንጸባራቂ በጨለማ ወቅት ከጎንና ከኋላ የሚደርሰውን ግጭት በ29 በመቶ፣ የመንገድ መብራት በሌለበት ደግሞ በ41 በመቶ መቀነሱን ገልጿል።

ከኋላ በኩል የሚገጠመው ዝቅተኛ የብረት መከላከያም ሊታይ ይገባዋል። መከላከያው ከሌለ አነስተኛ ተሽከርካሪ ከተሳቢው ሥር ይገባል፤ የተሳቢው ወለልም ከተሳፋሪዎቹ ራስ ጋር ይገናኛል።

የቆመ ተሳቢ

ተሽከርካሪ በብልሽት ሲቆም በመንገድ ላይ ድንጋይ ደርድሮ ማመልከት በሀገራችን የተለመደ አሠራር ነው። ድንጋይ በሌሊት አይታይም፤ ተሽከርካሪው ተጠግኖ ሲሄድም በመንገዱ ላይ ተትቶ ለሌላ አደጋ መንስኤ ይሆናል። ተገቢው መንገድ ተሽከርካሪውን በተቻለ መጠን ከመንገድ ማውጣት፣ የአደጋ ጊዜ መብራት ማብራት፣ አንጸባራቂ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት በበቂ ርቀት ማኖርና ጎማውን በታኮ ማስደገፍ ነው። በመጋዘኖችና በጉምሩክ አካባቢ ተራ የሚጠብቁ ተሳቢዎች የእግረኛ መሻገሪያንና የመታጠፊያ እይታን እንዳይከልሉ ማድረግም የአሽከርካሪው ግዴታ ነው።

የኃላፊዎች ድርሻ

የስምሪት ወረቀት የሚፈርም ኃላፊ የሚከተሉትን ነጥቦች ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

1. የጎታቹና የተሳቢው ሰሌዳ፣ የዓመታዊ ምርመራ ማረጋገጫና የመድን ሰነድ ለየብቻ የተሟሉና ጊዜያቸው ያላለፈ መሆናቸውን፤
2. የአሽከርካሪው መንጃ ፈቃድ ለተሳቢና ለጭነቱ ዓይነት የሚፈቅድ መሆኑን፤
3. ማያያዣው መቆለፉንና የአየር ቱቦዎቹ አለማፍሰሳቸውን፤
4. ተሽከርካሪው በዝግታ እየሄደ የተሳቢው ፍሬን መያዙ መፈተሹን፤
5. መብራቶቹ፣ አንጸባራቂው፣ የኋላ መከላከያውና ጎማዎቹ መታየታቸውን፤
6. ጭነቱ በየአክስሉ የተመጣጠነና በሚገባ የታሰረ መሆኑን፣ በላዩም ሰው አለመሳፈሩን፤
7. ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክትና ታኮ በተሽከርካሪው ውስጥ መኖራቸውን።

መጓጓዣ በኪራይ የሚጠቀሙ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችም እነዚህኑ ነጥቦች በጨረታ ሰነድና በውል ውስጥ ማካተት ይችላሉ። የማጓጓዣ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነው ተጫራች ዋጋውን የቀነሰው ከወሰን በላይ ለመጫን አስቦ ወይም ጥገናን አዘግይቶ ከሆነ፣ ልዩነቱ በመንገድ ጥገናና በሰው ሕይወት የሚከፈል ይሆናል።

የትራፊክ ፖሊስ ቁጥጥርና ዓመታዊ ምርመራ የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም በየዕለቱ ከመጋዘን የሚወጣውን እያንዳንዱን ተሳቢ ሊያዩ አይችሉም። ተሳቢው ከቅጥር ግቢ ከመውጣቱ በፊት ጉድለቱን የማየትና የማስቆም ዕድል ያላቸው አሽከርካሪው፣ ረዳቱና ስምሪቱን የሚፈቅደው ኃላፊ ናቸው።