ዶሜን በአውቶማቲክ መሣሪያ ሲዋቀር
በጭሮ፣ በገለምሶ ወይም በበዴሳ የሚገኝ የቡና አምራቾች ማኅበር የዋጋ ማሳወቂያ መተግበሪያ ቢያሠራ፣ ደንበኛው የሚያገኘው በዶሜኑ፣ ማለትም በኢንተርኔት የአድራሻ ስሙ ነው። ይህ ስም መተግበሪያው ከተጫነበት ሰርቨር የቁጥር አድራሻ ጋር መያያዝ አለበት። ቀድሞ ባለሙያ በእጁ ያከናውነው የነበረውን ይህን ሥራ ዛሬ አውቶማቲክ መሣሪያ በደቂቃዎች ይፈጽማል፤ የደኅንነት ሰርተፊኬትም እንደ ሌትስ ኢንክሪፕት ካሉ ተቋማት በነጻ ተቀብሎ ጊዜው ሳያልፍ ያድሳል።

የስሙን ባለቤትነት ግን መሣሪያው አያስጠብቅም። በ«ዶት ኢቲ» የሚያበቁ የኢትዮጵያ ስሞችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ዶሜኑ በባለሙያው የግል ስም ከተመዘገበ ወይም የዕድሳት ክፍያው ጊዜ ካለፈ፣ ማኅበሩ ደንበኞቹ የለመዱትን አድራሻ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ምዝገባው በማኅበሩ ስም ሊፈጸም፣ የይለፍ ቃሉም እንደ ማኅተሙ ሊጠበቅ ይገባል።