ውኃውን ከሳንባ የሚያወጣው ማነው?

ከኮቪድ ወዲህ «ማሽን ላይ ከገባ አበቃለት» ሲባል እንሰማለን። እስቲ ታሪኩን እንየው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1896 እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ ውኃ ወደ ደም ሥር የሚመለሰው የደም ፕሮቲን ስለሚስበው መሆኑን አስረዳ። ሳንባም በዚሁ መንገድ ብቻ ይደርቃል ተብሎ ለብዙ ዘመን ታመነ።

በ1967 የዴንቨር ሐኪሞች ሳንባቸው በድንገት ስለታመመ 12 በሽተኞች ጻፉ። ማሽኑ በትንፋሽ ማብቂያም ትንሽ ግፊት እንዲይዝ ሲደረግ ኦክስጅናቸው ተሻሻለ። ታዲያ ግፊቱ ውኃውን ገፍቶ አስወጣው? አይደለም! የአየር ከረጢቶቹ እንዳይከደኑ ደገፋቸው እንጂ።

መልሱ በ1982 ከበግ መጣ። ማይክል ማቴይና ባልደረቦቹ በበጎች ሳንባ ውስጥ ሴረም ጨመሩ። ውኃው ወጣ፣ ፕሮቲኑ ግን እዚያው ቀርቶ ወፈረ። በስታርሊንግ ሕግ ብቻ ቢሆን ፕሮቲኑ ውኃውን ይዞ ያስቀረው ነበር። ለካ የሳንባ ሴሎች ጉልበት አውጥተው ሶዲየምን ያስወጣሉ፤ ውኃውም ይከተለዋል። ተማሪዎቼ፣ ኦስሞሲስ ትዝ አላችሁ?

ችግሩ፣ ማሽኑ ከልክ በላይ ከነፋ እነዚህኑ ሴሎች ይጎዳል። በ2000 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 861 በሽተኞችን አነጻጸረ። በቁመት በተሰላ ክብደት፣ በኪሎ 12 ሚሊ ሊትር አየር ከተሰጣቸው 39.8 በመቶ፣ 6 ከተሰጣቸው ደግሞ 31 በመቶ ሞቱ። በቀስታ መንፋት ብቻ ነፍስ አተረፈ!

ስለዚህ ውኃውን የሚያወጣው ሳንባው ራሱ ነው። ማሽኑ እስኪያገግም ደግፎ ያቆየዋል። ዘመድ ማሽን ላይ ሲገባ ቶሎ ተስፋ አንቁረጥ።