የላፕቶፕ ተደጋጋሚ መቋረጥ

የላፕቶፕ ተደጋጋሚ መቋረጥ አንድ ላፕቶፕ ሳይታዘዝ በድንገት የሚጠፋበት፣ ራሱን የሚያስነሳበት፣ ሰማያዊ ስክሪን የሚያሳይበት ወይም ባለበት ደርቆ የሚቀርበት (በተለምዶ «ስታክ የሚያደርግበት») ብልሽት ነው። መንስኤው ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ፣ ሙቀት፣ ሶፍትዌር ወይም የተጎዳ የውስጥ ክፍል ነው።

ምልክቶች

ያለ ምንም መልእክት ድንገት መጥፋት በአብዛኛው ወደ ሙቀት ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ያመለክታል። ሰማያዊ ስክሪን ደግሞ የድራይቨር ወይም የራም ችግር ሊሆን ይችላል፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ኮድ ለምርመራ ስለሚጠቅም መመዝገብ አለበት። ፋይል ሲከፈት ረጅም ጊዜ ደርቆ መቆየት፣ በተለይም ከ«ቀጭ ቀጭ» ድምፅ ጋር ሲሆን፣ የሃርድ ዲስክ መዳከም ምልክት ነው።

በዊንዶውስ «ኢቨንት ቪወር» ውስጥ የሚገኘው «ከርነል ፓወር 41» የሚል መዝገብ ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ይናገራል፤ ለምን እንደጠፋ አይገልጽም።

ከፍታና ኤሌክትሪክ

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። አየሩ ስስ በመሆኑ ፋኑ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት የበለጠ መሥራት አለበት። የደጋው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ነገር ግን የበጋ አቧራ የአየር መውጫውን ሲደፍነው ወይም ላፕቶፑ ብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጥ ቅዝቃዜው ብቻውን አይበቃም።

የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ማንበቢያው የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ አምራቾች የአጠቃቀም ወሰኑን 3,048 ሜትር ያደርጋሉ። ደብረ ታቦር ከወሰኑ በታች ናት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ተራራ ግን ያልፈዋል። የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ ይህ ችግር የለበትም።

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት ነው፤ አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። መብራት በሄደበት ቅጽበት የሚጠፋ ላፕቶፕ ሶፍትዌሩ ሳይሆን ባትሪው የሞተ ነው። መብራት ሲመለስ የሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ቻርጀሩን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ ትንሽ ቆይቶ መሰካት ይመረጣል።

የምርመራ ቅደም ተከተል

1. ከሁሉ አስቀድሞ የመመረቂያ ጽሑፍንና ሌሎች አስፈላጊ ፋይሎችን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ።
2. ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ብቻ፣ ቀጥሎም በሌላ ተስማሚ ቻርጀር መሞከር።
3. የአየር መውጫውን ማጽዳት፣ ፋኑ መዞሩን ማዳመጥ። ላፕቶፑ የሚጠፋው ከባድ ሥራ ላይ ብቻ ከሆነ ሙቀት ይጠረጠራል።
4. ችግሩ ከመጀመሩ በፊት የተጫነውን ፕሮግራም ወይም ድራይቨር በ«ሴፍ ሞድ» ገብቶ ማውጣት።
5. በ«ዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ» ራሙን መፈተሽ፤ ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ እያወጡ መሞከር።
6. የዲስኩን ጤንነት መመርመር።

የአራተኛው እርምጃ ጥቅም ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰፊው ታይቷል። በዚያ ዕለት የክራውድስትራይክ የደኅንነት ሶፍትዌር የተሳሳተ ማሻሻያ በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በሰማያዊ ስክሪን አቁሟል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ በሴፍ ሞድ ገብቶ ስሕተት ያለበትን ፋይል መሰረዝ ነበር።

ፎርማት ማድረግ

ፎርማት ማድረግ የመጨረሻ አማራጭ ነው። የተበላሸ ዊንዶውስን ወይም ቫይረስን ሊያስወግድ ይችላል፤ የደፈነ ፋንን፣ የሞተ ባትሪን ወይም የተጎዳ ራምን ግን አይጠግንም። ፋይሎች ሳይገለበጡ ከተደረገም ብልሽቱ ይቀርና ሥራው ይጠፋል። ዲስኩ ድምፅ እያሰማ ከሆነ ደጋግሞ ማስነሳት ጉዳቱን ስለሚያባብስ፣ ላፕቶፑን አጥፍቶ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል።