የአዱኛ ልጆች

የሕክምና ተማሪ ሳለን፣ የባቲ ልጅ መሆኔን የሰማ ሁሉ ቅኝቱን ያንጎራጉርብኝ ነበር። እኔን ግን ትዝ የሚለኝ የሰኞ ገበያችን ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት። ጭፈራ ሲደምቅ፣ ፖሊዮ እግሩን የያዘው የሰፈራችን ልጅ ዳር ተቀምጦ ያጨበጭባል። ና ግባ ያለው ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩትም።

ይህን ያስታወሰኝ የጁነይድ ጀማል ሰንዲ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን በ«ካርሚና ቡራና» ሙዚቃ መድረክ ላይ አወጣ። ከእነሱም 18ቱ ተመርጠው አምስት ዓመት ሠለጠኑ (ከእኛ ትምህርት ብዙም አያንስ!)። አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን እንዲህ ተወለደ። ጁነይድ ከዚያ የወጣ ነው፤ በ2004 በሮሌክስ ፕሮግራም ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ተመረጠ።

እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። የአዱኛ ልጆች ራሳቸው በር ከተከፈተላቸው በኋላ በሩን አልዘጉም። የካንዱኮ መሥራች ከሆነው ከአዳም ቤንጃሚን ጋር፣ አካል ጉዳተኞች የሚደንሱበትን «አዱኛ ፖቴንሻልስ» አቋቋሙ። ጁነይድና ጓደኛው አዲሱ ደምሴ በኋላ በመሠረቱት ዴስቲኖም ይኸው ሥራ ቀጠለ።

የጡንቻን ኃይል ከ0 እስከ 5 መለካት ተምረናል አይደል? 2 ማለት፣ የስበት ኃይል ካልተጫነው የሚንቀሳቀስ ማለት ነው። እኔ 2 ብዬ ጽፌ ካርዱን እዘጋለሁ፤ እነሱ ወለል ላይ አስተኝተው ከዚያችው 2 ዳንሱን ይጀምራሉ። የሰፈሬን ልጅ ማን ይለካው ነበር፣ እኔ ወይስ እነሱ?