ኮሚኬት፦ በግል የሚታተሙ የሥዕል ትረካ መጻሕፍት ገበያ በቶኪዮ

በጃፓን ርዕሰ ከተማ ቶኪዮ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በነሐሴ ወርና በጎርጎርዮሳውያን ዓመት ማብቂያ፣ በዓይነቱ ከፍተኛ ከሚባሉት የመጽሐፍ ገበያዎች አንዱ ይካሄዳል። ሙሉ ስሙ የኮሚክ ገበያ ሲሆን፣ ሕዝቡ በአጭሩ ኮሚኬት ብሎ ይጠራዋል። በገበያው የሚቀርቡት መጻሕፍት በአብዛኛው በታላላቅ አሳታሚ ድርጅቶች የወጡ አይደሉም። ተማሪዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ የቤት እመቤቶችና አንዳንድ ባለሙያ ሠዓሊዎች በራሳቸው ገንዘብ ያሳተሟቸውና በራሳቸው እጅ የሚሸጧቸው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥዕል ትረካ በጃፓን ማንጋ ይባላል። በግል ወይም በማኅበር ተዘጋጅቶ በጥቂት ቅጂዎች የሚታተመው ደግሞ ዶጂንሺ ይባላል። ቃሉ አንድ ዓይነት ፍላጎት ያላቸው ሰዎች በጋራ የሚያወጡት መጽሔት የሚል ትርጉም አለው። ልማዱ ከሥዕል ትረካ በፊት በሥነ ጽሑፍ የተጀመረ ነው። ኮዮ ኦዛኪ የተባሉት ደራሲና ጓደኞቻቸው በ1885 ዓ.ም ኬንዩሻ የተሰኘ ማኅበር መሥርተው የራሳቸውን መጽሔት ማዘጋጀታቸው ከቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማንጋ በወጣቱ ዘንድ እየተስፋፋ ሲሄድ ይኸው የማኅበር መጽሔት ልማድ ወደ ሥዕል ትረካ ተሸጋግሯል።

አመሠራረቱ

ኮሚኬት የተወለደው ከአንድ ቅሬታ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲካሄድ በነበረ የማንጋ አፍቃሪዎች ጉባኤ ላይ ትችት የሰነዘረች አንዲት ተሳታፊ እንዳትገባ በመከልከሏ፣ ሜይኪዩ የተሰኘው የማንጋ ሐያስያን ማኅበር ተቃውሞውን አሰማ። የማኅበሩ አባላት የነበሩት ዮሺሂሮ ዮኔዛዋ፣ ቴሩኦ ሃራዳና ጁን አኒዋ ማንም ሰው በሐሳቡ ምክንያት የማይገለልበት፣ ሠሪና አንባቢ ፊት ለፊት የሚገናኙበት መድረክ እንዲኖር ወሰኑ።

የመጀመሪያው ኮሚኬት ዲሴምበር 21 ቀን 1975 ዓ.ም በቶኪዮ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ተካሄደ። በዕለቱ መጽሔታቸውን ያቀረቡት ማኅበራት 32 ሲሆኑ፣ የመጣው ሕዝብ 700 ያህል ነበር። ከመጡት መካከል እጅግ የሚበዙት ለልጃገረዶች የሚዘጋጀውን የማንጋ ዓይነት የሚወዱ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች እንደነበሩ በታሪኩ ተመዝግቧል። ሴቶች ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በአቅራቢነትም በገዢነትም በገበያው ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ ይዘው ቆይተዋል።

ዮኔዛዋ ከ1980 ዓ.ም ጀምሮ ሕይወታቸው እስካለፈበት እስከ 2006 ዓ.ም ድረስ ዝግጅቱን በኃላፊነት መርተዋል። እርሳቸው ያሰባሰቧቸው መጻሕፍትና መጽሔቶች በ2009 ዓ.ም በሜይጂ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው በተከፈተው የማንጋ ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪዎችና ለአንባቢያን አገልግሎት እየሰጡ ይገኛሉ።

ገበያው ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ሲዘዋወር ከቆየ በኋላ፣ ከ1996 ዓ.ም ወዲህ ቶኪዮ ቢግ ሳይት በመባል በሚታወቀው በባሕር ዳርቻ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የኤግዚቢሽን ማዕከል መካሄድ ጀምሯል። በአንድ ዝግጅት 35 ሺህ ያህል ማኅበራት የተሳተፉባቸው ዓመታት የነበሩ ሲሆን፣ በዲሴምበር 2019 ዓ.ም በአራት ቀናት ውስጥ የመጣው ሕዝብ ብዛት 750 ሺህ ደርሷል።

ሁሉም ተሳታፊ ነው

የኮሚኬት ዋነኛ መርሕ በገበያው ደንበኛ የሚባል ሰው የለም የሚል ነው። መጽሐፍ የሚሸጠው፣ የሚገዛውና ሥርዓት የሚያስከብረው ሁሉ በእኩልነት ተሳታፊ ይባላል። ገበያውን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ሥራውን የሚያከናውነው በሺዎች በሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ነው። ማለዳ በሮቹ ሲከፈቱና ማምሻውን ገበያው ሲዘጋ በአዳራሹ ያሉት ሁሉ በአንድነት ማጨብጨባቸው የዚሁ አስተሳሰብ መገለጫ ነው።

መርሑ የሚጠበቀው በበጎ ስሜት ብቻ አይደለም። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በበጋ ሙቀትና በክረምት ብርድ ለሰዓታት በሚሰለፍበት ቦታ ሥርዓት ከተጓደለ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። በመሆኑም ሌሊቱን በሙሉ በር ላይ አድሮ መሰለፍ የተከለከለ ነው። በሰልፉ መጨረሻ የቆመው ሰው የሰልፍ መጨረሻ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሰሌዳ ይይዛል፤ ከኋላው ሌላ ሰው ሲመጣ ሰሌዳውን አስረክቦ ወደፊት ይራመዳል። ብዙ ገዢ የሚጠበቅባቸው ማኅበራትም ሰልፋቸው መተላለፊያውን እንዳይዘጋ በአዳራሹ ግድግዳ ዳር እንዲቀመጡ ይደረጋል። በመሆኑም የግድግዳ ቦታ ማግኘት በዶጂንሺ ሠሪዎች ዘንድ የታዋቂነት ምልክት ሆኗል።

ከሐሳብ እስከ ጠረጴዛ

በገበያው መጽሐፉን ለመሸጥ የሚፈልግ ማኅበር ወራት ቀደም ብሎ ማመልከት ይኖርበታል። ማኅበር ይባል እንጂ አባሉ አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። የአመልካቾች ቁጥር ከቦታው ስለሚበልጥ ተሳታፊዎች የሚለዩት በዕጣ ነው። ዕጣ የወጣለት ማኅበር የሚያገኘው የአንድ ጠረጴዛ ግማሽ ሲሆን፣ ስፋቱም 90 በ45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ማኅበራቱ በሚሠሩት ሥራ ዓይነት ተመድበው በየቀኑና በየረድፉ ይደለደላሉ። ዝርዝራቸው የሚወጣበት የገበያው መዘርዝር በውፍረቱ ከስልክ ማውጫ ጋር ሲነጻጸር የኖረ ሲሆን፣ በኋላ በኤሌክትሮኒክ መልክም መዘጋጀት ጀምሯል።

አነስተኛ አቅም ያላቸው ጀማሪዎች ሥራቸውን በፎቶ ኮፒ አባዝተው፣ ገጾቹን በእጃቸው አጥፈውና በሽቦ አያይዘው ያቀርባሉ። አቅም ያላቸው ደግሞ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳሉ። በጃፓን ለዶጂንሺ ብቻ የተቋቋሙ ማተሚያ ቤቶች መኖራቸው ለዘርፉ ዕድገት ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጓል። እነዚህ ድርጅቶች ከመቶ ያነሱ ቅጂዎችን ጭምር ያትማሉ። ጽሑፉንና ሥዕሉን ቀደም ብሎ ላስረከበ ዋጋ ይቀንሳሉ፣ ላዘገየ ይጨምራሉ። የታተመውንም መጽሐፍ ገበያው በሚከፈትበት ቀን በቀጥታ ከማኅበሩ ጠረጴዛ ሥር ያደርሳሉ። ከገበያው በፊት ያሉት ሳምንታት ለሠሪዎች እንቅልፍ የሚታጣባቸው፣ ለማተሚያ ቤቶችም የዓመቱ ከባድ የሥራ ወቅት የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

መጽሐፉ በመጨረሻ ገጹ ላይ የአሳታሚውን ማኅበር ስም፣ የታተመበትን ቀን፣ መገኛ አድራሻና ማተሚያ ቤቱን መግለጽ ይጠበቅበታል። በዕለቱም ከእያንዳንዱ አዲስ መጽሐፍ አንድ ቅጂ ለአዘጋጁ ኮሚቴ ይሰጣል። ኃላፊዎቹ ይዘቱ ሕግን የማይጥስ መሆኑን ከተመለከቱ በኋላ ቅጂውን ያስቀምጡታል። በዚህ መንገድ የተከማቸው ስብስብ በሌላ ቦታ የማይገኙ የብዙ ሺህ ትናንሽ ኅትመቶች መዝገብ ሆኖ ያገለግላል።

የአንድ ቀጭን ዶጂንሺ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1 ሺህ የን ይሆናል። ዋጋው በሙሉ ቁጥር እንዲሆን የሚደረገው ገንዘብ መመለስ ቀላል እንዲሆንና ሰልፉ እንዳይጓተት ነው። ሻጮች ዝርዝር ሳንቲምና ባለ አንድ ሺህ የን ኖት አስቀድመው ያዘጋጃሉ፤ ልምድ ያላቸው ገዢዎችም በበኩላቸው ትልቅ ገንዘብ ይዘው አይመጡም። ያልተሸጠው መጽሐፍ በዕቃ አድራሽ ድርጅቶች አማካይነት ከአዳራሹ ወደ ሠሪው ቤት ይላካል።

ስንት ቅጂ ይታተም የሚለው ውሳኔ ለሠሪው ዋነኛው አሳሳቢ ጉዳይ ነው። ጥቂት ካሳተመ የአንዱ ቅጂ ወጪ ከፍ ይላል፤ አንባቢም ሳያገኘው ይመለሳል። ብዙ ካሳተመ ደግሞ ካርቶኖቹ ቤቱን ያጨናንቃሉ። ከማኅበራቱ የሚበዙት ከሽያጩ የሚያገኙት ገቢ ወጪያቸውን እንደማይሸፍን ይታወቃል። ከፍተኛ ትርፍ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ግን በሥራቸው የሚቀጥሉት ከመጽሐፋቸው አንባቢ ጋር ለመነጋገር፣ የሌሎችን ሥራ ለማየትና የራሳቸውን ለማሻሻል ነው።

ወደ ሙያ የሚያደርስ መንገድ

ከዚህ ገበያ ተነሥተው ስማቸው በዓለም የታወቀ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም። ክላምፕ በመባል የሚታወቁት ሴት ሠዓሊዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ ሥራቸውን የጀመሩት በዶጂንሺ ማኅበርነት ነው። ታይፕ ሙን የተሰኘው ቡድን ጹኪሂሜ የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ በዲሴምበር 2000 ዓ.ም በኮሚኬት ከሸጠ በኋላ ወደ ድርጅትነት አድጓል። ሂጉራሺ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ጨዋታም የመጀመሪያ ክፍሉ ለሽያጭ የቀረበው በነሐሴ 2002 ዓ.ም በዚሁ ገበያ ነው። አሳታሚ ድርጅቶችም አዳዲስ ሠዓሊዎችን ለማግኘት በጠረጴዛዎቹ መካከል ይዘዋወራሉ።

የቅጂ መብት ጥያቄ

በኮሚኬት ከሚሸጡት መጻሕፍት ብዙዎቹ የሌላ ደራሲ ገጸ ባሕርያትን ወስደው አዲስ ታሪክ የሚተርኩ በመሆናቸው የቅጂ መብት ጥያቄ ዘወትር ይነሣል። በጃፓን ሕግ የቅጂ መብት መጣስ በመሠረቱ በባለመብቱ አቤቱታ የሚያስከስስ ወንጀል ነው። ባለመብቶቹም ጉዳቱ አነስተኛ፣ የአንባቢው ፍቅር ደግሞ ጠቃሚ ሆኖ ስለሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ በዝምታ ያልፉታል።

ይሁን እንጂ ዝምታው ፈቃድ አይደለም። በ1999 ዓ.ም የፖኬሞንን ገጸ ባሕርያት ለአዋቂዎች ብቻ በሚሆን ታሪክ የተጠቀመች አንዲት ዶጂንሺ ሠሪ በቁጥጥር ሥር ውላለች። ዶራኤሞን የተሰኘውን ተወዳጅ ማንጋ የመጨረሻ ክፍል በራሱ ፈጠራ የሣለ ሰው ደግሞ መጽሐፉ 13 ሺህ ያህል ቅጂ ከተሸጠና የብዙዎችን ትኩረት ከሳበ በኋላ፣ በ2007 ዓ.ም ለባለመብቶቹ ይቅርታ ጠይቆ ከትርፉ ከፍሏል። ሁለቱ ክስተቶች የኅትመት ብዛት ሲጨምርና ይዘቱ የዋናውን ሥራ ገጽታ ሲነካ ትዕግሥቱ እንደሚያበቃ ለሠሪዎች አስተምረዋል።

ጃፓን በፓስፊክ አካባቢ የንግድ ስምምነት ድርድር ስትሳተፍ፣ ባለመብቱ ባያመለክትም ዐቃቤ ሕግ ክስ ሊመሠርት የሚችልበት ሥርዓት ይመጣል የሚል ሥጋት ነበር። ሠዓሊው ኬን አካማትሱ በ2013 ዓ.ም ለዶጂንሺ ሠሪዎች ፈቃድ መስጠትን የሚያመለክት ምልክት እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቅርበው በራሳቸው ሥራ ላይ ተጠቅመውበታል። አካማትሱ በ2022 ዓ.ም ለአገሪቱ የላይኛው ምክር ቤት አባልነት ተመርጠዋል። በ2018 ዓ.ም መጨረሻ በሥራ ላይ የዋለው የሕግ ማሻሻያም ያለአቤቱታ የሚቀርበውን ክስ ዋናውን ሥራ እንዳለ ገልብጠው በሚሸጡት ላይ በመወሰኑ ዶጂንሺ ከሥጋቱ ሊድን ችሏል።

ሌሎች ፈተናዎች

ከ1991 ዓ.ም በፊት ባሉት ዓመታት ገበያው ማኩሃሪ ሜሴ በተባለው አዳራሽ ሲካሄድ ቆይቷል። በዚያ ዓመት ከጸያፍ ኅትመት ጋር በተያያዘ በተነሣ ውዝግብ ምክንያት አዳራሹን መጠቀም ባለመቻሉ፣ አዘጋጆቹ ወደ ቀድሞው ሃሩሚ ለመመለስ ተገደዋል። ከዚያ ወዲህ የይዘት ቁጥጥሩ ጠብቋል፤ ለአዋቂዎች የተዘጋጁ መጻሕፍትን ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ መሸጥም የተከለከለ ነው።

በ2012 ዓ.ም ኩሮኮ ኖ ባስኬ ከተሰኘው የቅርጫት ኳስ ማንጋ ጋር በተያያዘ የዛቻ ደብዳቤዎች በመላካቸው፣ በዲሴምበር ወር በተካሄደው ኮሚኬት በዚያ ማንጋ ላይ የሚሠሩ ማኅበራት እንዳይሳተፉ ተደርጓል። ለወራት የደከሙበትን መጽሐፍ ይዘው የቀሩት ሠሪዎች ቢያዝኑም፣ አዘጋጆቹ የተሰብሳቢውን ደኅንነት አስቀድመዋል። የዛቻው ፈጻሚ በ2013 ዓ.ም ተይዞ በቀጣዩ ዓመት የእስራት ቅጣት ተወስኖበታል።

ከሁሉም የከበደው ፈተና የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ነው። በኦሎምፒክ ውድድር ምክንያት ወደ ሜይ 2020 ዓ.ም ተዛውሮ የነበረው 98ኛው ኮሚኬት ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል። ለዝግጅቱ የሚታተመውን መጽሐፍ ዋነኛ ገቢያቸው ያደረጉ ማተሚያ ቤቶችም ሥራቸው ተቀዛቅዟል። ገበያው ዳግም የተከፈተው በዲሴምበር 2021 ዓ.ም ሲሆን፣ ቀኑ ወደ ሁለት እንዲቀንስ፣ በየቀኑ የሚገባው ሕዝብም በ55 ሺህ እንዲገደብ ተደርጓል። ቀስ በቀስ ገደቡ እየላላ የተሳታፊው ቁጥር እንደገና ጨምሯል። በአንጻሩ ዶጂንሺን በመሸጥ ከታወቁት መደብሮች አንዱ የሆነው ቶራኖአና በ2022 ዓ.ም ከአንዱ በስተቀር በአገሪቱ የነበሩትን ሱቆቹን ዘግቶ ሽያጩን በኢንተርኔት ላይ አተኩሯል።

መጻሕፍትን በኢንተርኔት መግዛትና ማንበብ በቀለለበት በዚህ ዘመንም በ32 ማኅበራት የተጀመረው ገበያ በ2025 ዓ.ም 50 ዓመት ሞልቶታል። የራሱን ፈጠራ ብቻ የሚቀበለውና በ1984 ዓ.ም የተመሠረተው ኮሚቲያን የመሳሰሉ ሌሎች ገበያዎችም ከጎኑ አድገዋል። አንድ ሰው በራሱ ወጪ ያሳተመውን መጽሐፍ በግማሽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አንባቢውን ፊት ለፊት የሚጠብቅበት ይህ ልማድ፣ ሠሪው ትርፍ ባያገኝበትም እንኳ ለጃፓን የማንጋ ጥበብ የአዳዲስ ባለሙያዎች መፍለቂያ ሆኖ መቀጠሉን መገንዘብ ይቻላል።