ከስሕተት የተገኘው የቀለም ክልል
ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት ኤስ.አር.ጂ.ቢ. የተሰኘው የቀለም ክልል በዘመኑ የካቶድ ጨረር ስክሪን የተለካ ስለ ነበረ፣ የማተሚያ ቀለም የሚያወጣውን ደማቅ አረንጓዴና ውሃ ሰማያዊ በሙሉ ሊይዝ አልቻለም። ይህን ጉድለት ያቃለለው፣ የሚገርመው፣ የቅጂ ስሕተት ነው። አዶቢ በ1998 ፎቶሾፕ 5ን ሲያወጣ ከአንድ የቴሌቪዥን ደረጃ ሰነድ የቀዳቸው አኃዞች የተዛቡ ነበሩ። ስሕተቱ እንደ ታወቀ ለማረም ተሞከረ፤ ዳሩ ግን ተጠቃሚዎች ክልሉን ሰፊና ለኅትመት የተመቸ ሆኖ ስላገኙት አኃዞቹ እንዳሉ ቀሩ፤ ስሙ ብቻ ተለውጦ አዶቢ አር.ጂ.ቢ. (1998) ተባለ። እኔም ለማተሚያ ቤት የማሰናዳውን ፎቶግራፍ በዚሁ እሠራለሁ። ሆኖም የቀለም መግለጫው ከፋይሉ ጋር ካልተላከ፣ ተቀባዩ በኤስ.አር.ጂ.ቢ. ያነበዋልና ቀለሙ ይደበዝዛል፤ የሰውም ፊት አመድ ይመስላል።